የመናገሻ ጥድና ልጆቹ

በዛሬው ጽሑፋችን ወደ አንድ ጥንታዊ ደን ይዘናችሁ እንሄዳለን። ደኑ መናገሻ ሱባ ይባላል። የሚገኘው በኦሮሚያ ክልል፣ ወጨጫ በሚባለው ተራራ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እኛ የሄድነው በሰበታ በኩል ነው። ከአስፋልቱ ወጥተን የአቧራውን መንገድ ተያያዝነው።

ወጨጫ በጥንት ዘመን እሳት ይተፋ የነበረ ተራራ ነው። እሳቱ ከጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። ከሩቅ ሲያዩት ግርጌው እርሻና ባሕር ዛፍ ነው። ከወገቡ በላይ ግን ይጠቁራል። ያ ጥቁሩ ደኑ ነው።

ይህ ደን ሰው ያስተከለው ነው ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡ ንጉሥ ናቸው። በዘመናቸው ተራራው ተራቁቶ ነበር አሉ። ንጉሡም ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዲዘራ አዘዙ እየተባለ ይነገራል። ወፍ ዋሻ በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ያለ ደን ነው። ዛሬም አለ። ከዚያ እስከ ወጨጫ በእግርና በአጋሰስ የብዙ ቀን መንገድ ነው። እህል ሳይሆን የዛፍ ዘር ጭኖ ያን ያህል አገር ማቋረጥ ቀላል ሥራ አይደለም።

ታዲያ ዛፉ ሁሉ በእጅ የተተከለ ነው ማለት ነው? እኛስ አይመስለንም። ንጉሡ ጥድ አስዘሩ እንበል። ኮሶውን፣ ቀጋውን፣ አጋሙን ማን ተከለው? ወፉና ነፋሱ ናቸዋ። ይህንን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዘርዐ ያዕቆብ ወዲህ ከ550 ዓመት በላይ አልፏል። በዚህ መሐል ደኑን የሚያሰጋ ነገር ብዙ ጊዜ መጥቷል። አንዱ አዲስ አበባ ናት። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሕዝቧ በዛ። ለቤትም ለማገዶም በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ተጨፈጨፈ። ችግሩ ከመጥናቱ የተነሳ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። አፄ ምኒልክ ከአውስትራሊያ የመጣውን ባሕር ዛፍ ያስተከሉት በዚያን ጊዜ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፤ ቢቆርጡትም መልሶ ያቆጠቁጣል። እሱ ባይመጣ ኖሮ የወጨጫ ጥድ እስከ ዛሬ ይቆያል ብለን አናምንም። ባሕር ዛፍን ውሃ ይጠጣል፣ መሬት ያደርቃል ብለን እናማዋለን፤ ሐሜቱ እውነት አለው። ይህ ውለታው ግን አይካድም።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን ትልልቆቹ ደኖችም በመንግሥት እጅ ገቡ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ በአገሪቱ ብዙ ደኖች ጠባቂ አጥተው ተቆረጡ። መናገሻ ሱባ ግን አለ። ዛሬ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ የደንና የዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ነው።

አሁን ወደ ደኑ እንግባ።

በሩን እንዳለፍን ቀጥ ብለው፣ መስመር ይዘው የቆሙ ዛፎች አገኘን። ጥላው ደስ ይላል። እኛም ተደስተን የደን ጠባቂውን፦

«ጋሼ፣ ይሄ ነው እንዴ የዘርዐ ያዕቆብ ጥድ?» አልናቸው።

ሰውየው ሳቁ። «ኧረ ይሄማ የፈረንጅ ጥድ ነው። ለእንጨት ተብሎ ትናንት የተተከለ ነው። የሐበሻው ገና ነው፤ ወደ ላይ ነው» አሉን።

ሁለቱን እንዴት እንደሚለዩም አሳዩን። የፈረንጅ ጥድ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ፍሬው እንደ እንጨት የደረቀ፣ እንደ ቁልፍ የጠጠረ ነው። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ግን ትንሽ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ይጠቁራል። ጽድ የሚሉትም አሉ። በኦሮምኛ ጋቲራ ይባላል።

ሌላም ነገር አስተዋልን። በፈረንጅ ጥድ ሥር ምንም የለም ማለት ይቻላል። ሣር የለም፣ ሐረግ የለም። የረገፈ ቅጠል ብቻ ነው። ወፍም ብዙ አልሰማንም።

ሽቅብ ስንወጣ ነገሩ ተለወጠ። መስመር የሚባል ነገር ጠፋ። አንዱ ዛፍ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን፣ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው የተጣመመ ሆነ። የሐበሻ ጥድ ሲያድግ እስከ 40 ሜትር ይደርሳል። አንዱን ግንድ ሦስት ሆነን እጅ ለእጅ ተያይዘን አቀፍነው። እጃችን አልገጠመም። ልጡ እንደ ገመድ በቁመቱ ይላጣል። ከላይ ቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠል አረንጓዴ ነገር አለ። ጉሬዛ በዚያ መሐል ሲዘል አየን። ጥቁሩና ነጩ ጠጉሩ እንደ ካባ ይውለበለባል።

ከጥዱ ጋር ዝግባ አለ። ኦሮምኛው ብርብርሳ ይለዋል። ወይራም አለ፤ እሱ ኤጀርሳ ነው። የወይራን ነገር ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ያላጠነ ቤት የታለ? የጥድንም ጥቅም ታውቁታላችሁ። ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። ለዚህ ነው የቤት ምሰሶና የአጥር እንጨት ከጥድ ሲሆን ዕድሜ ያለው። የተወደደውም፣ የተቆረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እኛ አንገታችንን ቀና አድርገን ጫፍ ጫፉን ስናይ ጠባቂው፦

«ላይ ላዩን ምን ታያላችሁ? ታች ታቹን እዩ እንጂ። አባቱንማ አያችሁት። ልጁስ?» አሉን።

ጎንበስ ብለን ፈለግን። በትልቁ ጥድ ሥር የጥድ ችግኝ ፈለግን፤ አጣን። የረገፈው ቅጠል ወፍራም ነው። ጥላው ከባድ ነው። የጥድ ዘር ብርሃን ይወዳል። በእናቱ ጥላ ሥር ቢወድቅ እንደ ልብ አያድግም።

ታዲያ የት ነው የሚያድገው? ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ ሰማይ ይከፈታል። ፀሐይ መሬት ይነካል። እዚያ ያድጋል። እዚያ ድረስ የሚያደርሰው ደግሞ ወፍ ነው። ወፉ ፍሬውን ይበላል፤ ይበርራል፤ ዘሩን ከኩሱ ጋር ሌላ ቦታ ይጥለዋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ብርሃን የገባበት ቦታ ሣርም ያበቅላል። ሣር ያለበት ከብት ይመጣል። ከብቱ የጥድ ችግኝ ልብላ ብሎ ባይመጣም ይረግጠዋል፤ ከሣሩ ጋር ይነጨዋል። አንድ ዓመት እንዲህ ቢሆን ምንም አይደል። 30 ዓመት እንዲህ ቢሆን ግን ትልልቆቹ ይቆማሉ፤ ልጅ የላቸውም። ከሩቅ የሚያይ ሰው «ደኑ አለ» ይላል። እውነቱን ነው፤ አለ። ግን ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር ማለት ነው።

ሌላም አለ። ጥድ ወንድና ሴት ዛፍ አለው። ፍሬ የምታፈራው ሴቷ ናት። ወንዱ የሚሰጠው እንደ ዱቄት ያለ ቢጫ ብናኝ ነው። ወንድ ከሌለ ሴቷ ዘር የላትም፤ ሴት ከሌለች ለወፉ ፍሬ የለም። ቆራጭ መጥቶ ያማረውን ሁሉ ከአንድ ጎን ቢወስድ፣ የቀሩት ወንድ ብቻ ወይም ሴት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጠባቂው ከዚህ በኋላ መንገዱን ትተው ወደ እሾህ ወሰዱን። በእውነት እሾህ ነው። አጋም፣ ቀጋ፣ ኮሸም፣ እንጆሪ ተጠላልፎ ልብሳችንን ያዘን። ቀጋ የጽጌረዳ ወገን ነው። አበባው ነጭ ነው። ፍሬው ሲበስል ይቀላል፤ እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። አጋምም እንዲሁ። እኛም ልጅ ሳለን አፋችን እስኪጠቁር የበላነው ነው።

ጠባቂው በዱላቸው የአጋሙን ቁጥቋጦ ገለጥ አደረጉልን። መሐሉ ላይ የወይራ ችግኝ ቆሟል። ጉልበት ድረስ ይደርሳል። ቅጠሉ አልተነካም። ለምን? ከብትና ፍየል አፋቸውን ወደ እሾህ አያስገቡማ።

ቅድም ያዙልን ያልናችሁ ነገር ይህ ነው። ወፉ የወይራን ፍሬ ይበላል። ቁጥቋጦ ላይ ያርፋል። ዘሩን እዚያው ይጥላል። ቁጥቋጦው ችግኙን ከፀሐይ ሐሩር ያስጠልለዋል፤ ከከብት አፍም ያድነዋል። ወይራው ሲረዝም ጭንቅላቱን ከእሾሁ በላይ ያወጣል። ያን ጊዜ አይፈራም። በወይራ ላይ ይህ ነገር በሚገባ ተጠንቷል፤ እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

እኛ በየመንደራችን ምን እንላለን? «ቁጥቋጦ ነው፣ እሾህ ነው፣ ይመንጠር» እንላለን። ትልቁን ዛፍ እንተውና ሥሩን እናጸዳለን። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ሳይቀር ይህን የሚያደርጉ አሉ። ለዓይን ያምራል። ግን ሞግዚቷን አባርሮ ልጁ ይደግ እንደማለት ነው።

ወደ ላይ መውጣታችንን ቀጠልን። ብርዱ ጨመረ። ጥዱ እየሳሳ ሄደና ኮሶ ብቅ አለ። በኦሮምኛ ሄጦ ይባላል። ልጡ ቀላ ያለ ነው፤ እንደ ወረቀት ይላጣል። አበባው በትልቅ ዘለላ ይንጠለጠላል። ኮሶም እንደ ጥድ ወንድና ሴት ነው። የሴቷ አበባ ይቀላል፤ የወንዱ ነጣ፣ ገረጣ ያለ ነው። ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቷ ነው።

ስለ ኮሶ ትንሽ ማውራት አለብን። የሆድ ትሉ እንኳ ስሙን ያገኘው ከዚህ ዛፍ ነው፤ የኮሶ ትል እንለዋለን። ትሉ የሚይዘን ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ የከብት ሥጋ ስንበላ ነው። አባቶቻችን መድኃኒቱን ከዚህ ዛፍ አገኙ። በ19ኛው መቶ ዓመት አበባው ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ሳይቀር ይሄድ ነበር። ዕውቀቱ የሚያኮራ ነው።

ሆኖም ሳንደብቅ እንናገር። ኮሶ መርዝም አለው። መጠኑ ከበዛ ያስታውካል፣ ያዳክማል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። እርጉዝ ሴት ፈጽሞ መጠጣት የለባትም። ዛሬ በጤና ጣቢያ ለኮሶ ትል የሚሰጥ፣ በልክ የተመጠነ ኪኒን አለ። ሥጋን አብስሎ መብላት ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል። ኮሶን የምናከብረው ዛፍነቱን በመጠበቅ ይሁን እንጂ በጭልፋ በመገመት አይሁን።

ከኮሶው በላይ አስታ ነው። ቅጠሉ ደቃቅ፣ ቁመቱ አጠር ያለ ነው። እዚያም ቢጫ አበባ ያለው አምጃ አለ። ነፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ ብዙ አልቆየንም። ከዚያ ላይ ሆነን ቁልቁል ስናይ ጉሙ ዛፉ ውስጥ ሲገባ፣ ሲወጣ ይታያል። የሚዘንበው ዝናብ ቅጠል ላይ ያርፋል፤ ከቅጠል ወደ ረገፈው ብስባሽ ይንጠባጠባል፤ ብስባሹ ይመጠዋል። ከዚያ ቀስ ብሎ ምንጭ ይሆናል። ከወጨጫ የሚወርዱት ወንዞች መጨረሻቸው አዋሽ ነው። ዛፍ በሌለበት ተራራ ግን ያው ዝናብ አፈሩን ይዞ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሮጣል። ገበሬ ስለሆናችሁ ይህን ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ።

በመውረጃችን ላይ አንድ ጥቁር እንጨት አየን። ጥቁር እንጨት ስሙ ነው። ይህ ዛፍ በዓለም የታወቀ ነው። ከልጡ የሽማግሌ ወንዶችን የሽንት ችግር የሚያስታግስ መድኃኒት ይሠራል። ገበያው ስለደራ በአፍሪካ ብዙ ቦታ ልጡ ዙሪያውን እየተገፈፈ ዛፉ ደረቀ። ዛፍ ምግቡን ከቅጠል ወደ ሥር የሚያወርደው በልጡ በኩል ነው። ዙሪያውን ከላጡት ይሞታል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የአገር ለአገር ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ተደርጎበታል። እናንተም ለመድኃኒት ብላችሁ ልጥ የምትልጡ ከሆነ ከአንድ ጎን ትንሽ ብቻ ውሰዱ፤ ዙሪያውን አትላጡ።

ከደኑ ጠርዝ፣ ወንዙ አጠገብ ስንደርስ እንዶድ በቁጥቋጦው ላይ ተጠምጥሞ አገኘነው። ስለ እንዶድ ደስ የሚል ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አድዋ ነበሩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከማጠቢያው በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈዋል። ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን በሕይወት አሉ። ቀንድ አውጣው ደግሞ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፍ ነው። ዶክተር አክሊሉ ነገሩን አጠኑት። እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጡ። እሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ስዊድን አገር ተሸለሙ።

እንግዲህ አስቡት። ያ ዕውቀት የተጀመረው ከላብራቶሪ አይደለም፤ ከወንዝ ዳር፣ ከእናቶች እጅ ነው። እንዶድም በእርሻ የተዘራ ሰብል አይደለም፤ በጫካ ጠርዝና በአጥር ላይ ራሱን ችሎ የሚበቅል ነው። «ቁጥቋጦ ነው ይመንጠር» ብንል ኖሮ ምን ይገኝ ነበር?

ወንዙን ተሻግረን ጭራሮ የተሸከሙ ሦስት ሴቶች አገኘን። ሸክሙ ከቁመታቸው ይበልጣል። ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት። ጠባቂው ሸክሙን ዞረው አዩት። ደረቅ ነው፤ እርጥብ ቅርንጫፍ የለበትም። አሳለፏቸው። አንዷን በዕድሜ የገፉትን፦

«እናቴ፣ ሸክሙ አልከበደዎትም?» አልናቸው።

የሚናገሩት ኦሮምኛ ነውና ጠባቂው አስተረጎሙልን። «ይከብዳል እንጂ። ምን ይደረግ? ቤት ውስጥ ልጆች አሉ፤ እሳት ይፈልጋሉ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በዚህ ነገር ላይ ፈራጅ መሆን አንፈልግም። ደኑን የሚጠብቅ ደሞዝ ያገኛል። ደኑ አጠገብ የሚኖር ሰው ምን ያገኛል? ደረቅ ጭራሮ፣ የክረምት ሣር፣ የንብ ቀፎ ማስቀመጫ፣ የማያቋርጥ ምንጭ ካላገኘ ስለምን ይጠብቀዋል? ዘበኛ አንድ ነው፤ ተራራው ሰፊ ነው፤ ሌሊት አለ። ዛፍ ቆራጭን ቀድሞ የሚያየው ጎረቤት ነው። ሣሩን አጭዶ መውሰድ ሲፈቀድ ከብቱ እቤቱ ይውላል፤ የጥዱም ልጅ ከመረገጥ ይድናል። በየአካባቢያችሁ የተከለለ ደን ካለ ይህንን በስብሰባ ላይ ልታነሱት ይገባል። «ከብት አናስገባም፤ ሣሩን ግን እንጨድ» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

እንዲህ እያወራን ችግኝ ጣቢያው ደረስን። ችግኝ ጣቢያ ማለት ዛፍ በሕፃንነቱ የሚያድግበት ቦታ ነው። ችግኞቹ በፕላስቲክ ከረጢት ተደርድረዋል። ላያቸው ላይ ጥላ የሚሆን ሣር ተረብርቧል። ባሕር ዛፉና የፈረንጅ ጥዱ ለምልሟል። የሐበሻ ጥድ ሰነፍ ነው፤ ዘሩ ቶሎ አይበቅልም፤ ከተዘራውም ብዙው ይቀራል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚደርሰውን መትከል ይወዳል። ለማገዶ ከሆነ ልክ ነው። ለምንጭና ለልጅ ልጅ ከሆነ ግን ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶ አብረው ቢተከሉ ይሻላል እንላለን።

ጠባቂው ወደ አንዱ መደብ ሄደው ቁጢጥ አሉ። ከአንዷ ከረጢት ላይ አረሙን ነቀሉ። የሐበሻ ጥድ ነበረች። ቁመቷ ከአውራ ጣት አይበልጥም። «ይችን የምንተክላት ዝናቡ ሲጠና፣ ሐምሌ ላይ ነው» አሉን። የት እንደሚተክሏት ስንጠይቃቸው በዱላቸው ወደ ላይ፣ ወደ እሾሁ አመለከቱን።